ደምያጥ በአቡጀዲ ላይ፦ የኮምኔኖሶች ምናባዊ ታሪክ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኔ 8

ከአናጢ ቤት 1 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቺፑድ አስቆርጬ አመጣሁ፤ በላዩ የሚወጠረው አቡጀዲም ታጥቦ ተተኩሷል። ያሰብሁት ሥራ ከ1143 እስከ 1180 በቁስጥንጥንያ የነገሠው ማኑኤል ኮምኔኖስ በሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ ያደረገውን መስፋፋት በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት ካርታ አድርጎ መሥራት ነው። ጨዋታው በቅድሚያ የሆነውን ታሪክ እንደሆነው መድገም አለበት። ያን ካደረገ በኋላ አንዲት ነገር ብቻ ለውጬ ወዴት እንደሚያደርሰኝ አያለሁ። የታሪኩ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሥራዬ ቀናት ግን በእኛው አቆጣጠር እንደሆኑ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። ቢዛንታይን የሚለው መጠሪያ መንግሥቱ ከጠፋ በኋላ የወጣለት ነው፤ ሰዎቹ ግሪክኛ እየተናገሩ ራሳቸውን የሚጠሩት ሮማውያን ብለው ነበር። በግእዝ መጻሕፍታችንም «ሮም» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ቁስጥንጥንያ ነው። ስለዚህ በሰሌዳዬ ራስጌ በቀይ ቀለም «ሮም» ብዬ ጻፍሁ።

ሰኔ 11

የመጀመሪያው ሐሳቤ ጨዋታውን ከኢጣሊያ መጀመር ነበር። በ1155 የማኑኤል ሰዎች ሚካኤል ፓላዮሎጎስና ዮሐንስ ዱካስ አንኮና ላይ ወርደው፣ በሲሲሊው ንጉሥ በቀዳማዊ ዊልያም ላይ ካመፁት መኳንንት ጋር ተባብረው ባሪን ያዙ፤ ለጥቂት ወራትም የጥንቱ የሮም ግዛት በአድርያቲክ ዳርቻ የተመለሰ መስሎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን የቀጠሯቸው ወታደሮች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ጥለዋቸው ሄዱ፣ ያመፁት መኳንንትም ተበተኑ፣ ፓላዮሎጎስ ባሪ ላይ ሞተ፣ በሜይ 1156 ብሪንዲዚ ላይ ዊልያም ድል አድርጎ ዱካስን ማረከ። ኒኬታስ ኮንያቴስ የተባለው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ በዚህ ዘመቻ 30,000 ፓውንድ ወርቅ እንደ ወጣ ጽፏል።

ይህን በጨዋታ ለማስኬድ ሁለት ቀን ሞከርሁ፤ የሚያረካ ግን አልሆነም። በኢጣሊያ አንድ ነገር ለውጦ ማሸነፍ አይቻልም፤ ጳጳሱም፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥትም፣ ቬኒስም በየአቅጣጫው ተቀምጠው የሚጠብቁት የማኑኤልን መድከም ነው። ትቼው ወደ ግብጽ ዞርሁ። የተሣለውን የኢጣሊያ ጠረፍ ግን አላጠፋሁትም፤ ኋላ የሲሲሊ መርከቦች የሚነሡት ከዚያው ነው።

ሰኔ 19

መርከቦቹ ተጠናቀቁ። በ1169 ወደ ግብጽ የዘመተውን የባሕር ኃይል የመራው ታላቁ የባሕር አዛዥ አንድሮኒኮስ ኮንቶስቴፋኖስ ነበር። ኋላ የጢሮስ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ዊልያም እንደ ጻፈው 150 የጦር ጀልባዎች፣ ፈረስ የሚጭኑ 60 መርከቦች፣ የከበባ መሣሪያና ስንቅ የጫኑ ከ10 እስከ 12 የሚደርሱ ትልልቅ መርከቦች ነበሩት። አንዱ ጠጠር አሥር መርከብ እንዲወክል አድርጌ ከጥድ እንጨት 22 ጠጠሮች ቆረጥሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ፤ ስድስቱን የፈረስ መርከቦች ለመለየት በኋላቸው በኩል ትንሽ በር ሣልሁባቸው። የፈረስ መርከብ በእውነትም እንዲህ ያለ በር ነበረው፤ ፈረሰኛው በኮርቻው ላይ እንዳለ በቀጥታ ወደ ዳርቻው ይወርድ ዘንድ።

ደምያጥ በዓባይ ምሥራቃዊ ቅርንጫፍ አፍ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። በከተማይቱና በወንዙ መካከል በቆመው ግንብ መካከል የብረት ሰንሰለት ተዘርግቶ መርከብ እንዳያልፍ ይዘጋ ነበር። ለዚህ ከአሮጌ ብስክሌት የተፈታ ሰንሰለት አንድ ስንዝር ቆርጬ በሁለት ምስማር መካከል ወጠርሁት። ከሠራሁት ሁሉ የወደድሁት ይህን ነው።

ሰኔ 26

ስንቅ በምን ይቆጠር የሚለው ጥያቄ አንድ ሳምንት ወሰደብኝ። በወረቀት ላይ ቁጥር መጻፍ ሞክሬ ነበር፤ ተጫዋቹ ግን ቁጥር ሲቀንስ አይደነግጥም። በመጨረሻ ሽምብራ መረጥሁ፤ አንድ ጠጠር በሳምንት አንድ ሽምብራ «ይበላል»።

ኮንያቴስ እንደሚለው ንጉሠ ነገሥቱ ለመርከቦቹ የሰጠው የሦስት ወር ስንቅ ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ከኦገስት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ 13 ሳምንት በ22 ጠጠር፣ 286 ሽምብራ ቆጥሬ በጣሳ አኖርሁ። ቆጠራውን ስጨርስ ካርታውን ቀና ብዬ አየሁና ቀኖቹን በጣቴ አሰላሁ። መርከቦቹ ከቁስጥንጥንያ የተነሡት በጁላይ ነው። በቆጵሮስ በኩል ዞረው የመስቀል ጦረኞች ወደብ ወደ ሆነችው ወደ አካ ደረሱ፤ የኢየሩሳሌሙ ንጉሥ አማልሪክ ግን ሠራዊቱን አሰናድቶ ከአስቀሎና የተነሣው በኦክቶበር አጋማሽ፣ ከደምያጥ ፊት የሰፈሩትም በወሩ መጨረሻ ነው። ድንኳኑ ሲተከል ጣሳው ባዶ ነበር ማለት ነው። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን ሽምብራ ስቆጥር ነው።

ሐምሌ 5

የመጀመሪያው ሙከራ። የታሪክ መምህር የነበሩት ጡረተኛው ጎረቤታችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ አማልሪክን ያዙ፤ የእኅቴ ልጅ በዚያን ጊዜ ግብጽን ያስተዳድር የነበረውን ሳላዲንን ያዘ፤ እኔ ኮንቶስቴፋኖስ ሆንሁ። ሕጎቹ ከታሪኩ የተወሰዱ ናቸው፤ አማልሪክ የራሱን ስንቅ ለአጋሩ የማካፈል ግዴታ የለበትም፣ ሳላዲን ደግሞ ሰንሰለቱ እስካልተበጠሰ ድረስ ከካይሮ በወንዙ ወርዶ ለከተማይቱ ሰውና እህል ማቀበል ይችላል።

በስድስተኛው ሳምንት ተሸነፍሁ። ጋሼ ፊታቸው የተቆለለ ሽምብራ እያለ አንዲት ፍሬ አልሰጡኝም። «ጋሼ፣ አጋር አይደለንም እንዴ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ አጋርነቱ ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ ነው፤ ዛሬ የራሴን ሰው መመገብ አለብኝ» አሉኝ። የጢሮሱ ዊልያም የጻፈውም ከዚህ አይርቅም፤ ግሪኮቹ ተርበው የተምር ዛፍ እየቆረጡ ለስላሳ ልቡን ሲበሉ፣ የአማልሪክ ሰዎች የነበራቸውን ለነገ እያሉ ያስቀምጡ ነበር። የእኅቴ ልጅም ማንም ሳይነግረው በእሳት የተሞላች ጀልባ ከነፋሱ ጋር ወደ መርከቦቼ ለቀቀ። በታሪኩ በዚህ መንገድ ስድስት መርከቦች ተቃጥለዋል፤ የእኔ አንድ ጠጠር ብቻ ነው የሄደው።

ከበባው ወደ 50 ቀን ገደማ ከቆየ በኋላ በዲሴምበር በእርቅ ተነሣ፤ በመመለሻው መንገድም ማዕበል ብዙ መርከቦችን አሰጠመ። ሰሌዳው ታሪኩን ደገመ፤ ለጊዜው ከዚህ የበለጠ አልፈልግም።

ሐምሌ 13

ለውጥ አንድ፦ ስንቁን ወደ ስድስት ወር አሳደግሁ። በስንቁ ምክንያት ነው የተሸነፈው ብዬ በልቤ ስለ ደመደምሁ፣ ይህ ብቻ ይበቃል የሚል እምነት ነበረኝ።

አልበቃም። ሦስት ጊዜ ተጫወትን፤ በሦስቱም ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ክረምታቸው ገባ። የዕድሉን መጠን አሳንሼው ይሆናል ብዬ የኋላውን ታሪክ ተመለከትሁ። በ1218 የመስቀል ጦረኞች ወደ ዚያው ከተማ በመጡ ጊዜ ያንን ግንብ የያዙት የፓደርቦርኑ ኦሊቨር ሁለት መርከቦችን አጣምሮ በላያቸው የእንጨት ምሽግ ካቆመ በኋላ ነው፤ ይህም ከሜይ እስከ ኦገስት ወሰደ። ከተማይቱ የተያዘችው ደግሞ በኖቬምበር 1219 ነው። አንድ ዓመት ተኩል ማለት ነው። በእነዚህ ቀኖች ለክቼ ሕጉን ሳስተካክል፣ ደምያጥን በኃይል ለመያዝ የሚያስፈልገው ሽምብራ ከቤታችን ጆንያ በላይ ሆነ። ስንቁ የሽንፈቱን ቀን ወሰነ እንጂ ሽንፈቱን አላመጣውም።

ሐምሌ 20

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጣሪያው ስላፈሰሰ አቡጀዲው በአንድ ጥግ ረጠበ፤ የቆጵሮስ ቀለም ወደ አንጾኪያ ተስቧል። እስኪደርቅ ድረስ ሌላ ጉዳይ አሰብሁ።

ለውጥ ሁለት ይሆናል ያልሁት ጊዜውን ማስቀደም ነበር፤ አማልሪክ መርከቦቹ እንደ ደረሱ ቢነሣስ? ይህንን ያበላሸብኝ ያው ዝናብ ነው። በደጋችን በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ውኃ በዓባይ አድርጎ ግብጽ ሲደርስ፣ ሙላቱ በካይሮ አካባቢ ከፍ የሚለው በሴፕቴምበር ነው፤ ያን ጊዜ የታችኛው ግብጽ ሜዳ በውኃ ይሸፈናል፣ ፈረሰኛም አይንቀሳቀስበትም። በ1221 ከደምያጥ ወደ ካይሮ የገሠገሠው የመስቀል ጦር በዚሁ ሙላት ተከቦ እጁን ሰጥቷል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ የወንዙን ዳርቻ ሁሉ በሰማያዊ ክር ሸፈንሁት፤ የምድር ጦር አይገባበትም። አማልሪክ ቢቸኩል ይሰምጣል፣ ቢዘገይ አጋሩ ይራባል።

ነሐሴ 2

መፍትሔውን ከ1169 ወደ ኋላ መፈለግ እንዳለብኝ ዘግይቶ ገባኝ። በ1167 በተደረገው ውል የግብጹ ሹም ሻዋር ለአማልሪክ በየዓመቱ 100,000 ዲናር ሊከፍል ተስማምቶ ነበር፤ በካይሮም የፍራንኮች፣ ማለትም የአማልሪክ ምዕራባውያን ወታደሮች፣ ዘብ ሰፍሯል። በ1168 አማልሪክ የጢሮሱን ዊልያምን ወደ ማኑኤል ልኮ ግብጽን አብረው የሚይዙበትን ውል አስዋዋለ። ማኑኤል ግን በዚያ ሰሞን ሰርቢያ ላይ ዘምቶ ስለ ነበር መልእክተኛው እስከ ፔላጎንያ ድረስ ተከትሎት መሄድ ግድ ሆነበት። ውሉ ቢፈረምም አማልሪክ የማኑኤልን መርከቦች ሳይጠብቅ በኦክቶበር 1168 ብቻውን ዘመተ። ሆስፒታለሮች የተባሉት መነኮሳት ጦረኞች አለቃ ገፋፋው፤ ሌሎቹ መነኮሳት ጦረኞች ቴምፕላሮች አይሆንም ብለው ቀሩ። በግብጿ ከተማ በቢልቤስ እልቂት ተፈጸመ፣ ሻዋር በካይሮ አጠገብ ያለችውን ፉስጣጥን አቃጠለ፣ ከካይሮ የተላከው ጩኸት ለሶርያው ገዥ ለኑር አድ-ዲን ደረሰው። በጃንዋሪ 1169 የኑር አድ-ዲን የጦር አለቃ ሺርኩህ ካይሮ ገባ፣ ሻዋር ተገደለ፣ ሺርኩህም በማርች ሲሞት ሥልጣኑ ለወንድሙ ልጅ ለሳላዲን ሆነ። ኮንቶስቴፋኖስ በዚያ ዓመት መጨረሻ የገጠመው ግብጽ፣ ውሉ ሲፈረም የነበረው ግብጽ አልነበረም።

እንግዲህ አማልሪክ አንድ ክረምት ይጠብቅ ብዬ ሕግ ማውጣት እችላለሁ። ነገር ግን ሕግ አውጥቶ ሰውን ማስጠበቅ ማጭበርበር ነው። ለጋሼ የ1168ን ሁኔታ ሰጥቻቸው እንደ ወደዱ እንዲወስኑ አደረግሁ፤ ከጠበቁ ምርኮውን እኩል ይካፈላሉ፣ ካልጠበቁ ሁሉ የእሳቸው ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው፣ ሦስት ጊዜ ዘመቱ። በሦስተኛው ላይ እየሳቁ፣ «እኔ አማልሪክን ሃያ ዓመት ሙሉ ስግብግብ እያልሁ ሳስተምር ኖሬአለሁ» አሉ።

ስለዚህ የማኑኤልን ወገን ለወጥሁ። ሰርቢያ በዚያ ዓመት ጸጥ ብላለች እንበል፤ መልእክተኛው ቁስጥንጥንያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን አግኝቶ በበጋው አጋማሽ ተመልሷል፤ ከእርሱም ጋር በውሉ መሠረት ቀብድ የሚሆን ወርቅና አሥር መርከብ አካ ደርሷል። ይህ ሁለት ለውጥ ነው ብሎ የሚሞግተኝ ቢኖር እቀበላለሁ፤ እኔ ግን ሁለቱንም ከአንድ አጭር መንገድ የመጡ አድርጌ ቆጥሬአቸዋለሁ። ወርቁን በቢጫ አዝራር ወክዬ ጋሼ ፊት አኖርሁት። አዝራሩን ጥቂት አገላበጡና፣ «በእጅ ያለ ከሆነስ እጠብቃለሁ» አሉ።

ነሐሴ 9

በአዲሱ መንገድ የ1169 ጸደይ እንዲህ ሆነ። ሻዋር በሥልጣን ላይ አለ፣ ፋጢማዊው ከሊፋም በስም ነግሦ ተቀምጧል፤ መርከቦቹ ሲመጡ ደምያጥ ሰንሰለቷን ያወረደችው በውል ነው። ለማኑኤል ደምያጥና የእስክንድርያ የወደብ ግንብ ደረሱት፣ ለአማልሪክ ቢልቤስና የግብሩ ገንዘብ። ኑር አድ-ዲን ሺርኩህን ደግሞ ይልካል፤ በ1164ም በ1167ም ልኮት ነበርና ዝም የሚልበት ምክንያት የለም። በሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሁለት ጊዜም ወደቦቹን ከባሕር የሚያቀብል ስላላቸው ሳይይዝ ተመለሰ። ሳላዲን የሆነው የእኅቴ ልጅ አጎቱን ተከትሎ ሲመላለስ ሰለቸውና ቬኒስን ስጡኝ አለ።

ጨዋታው የጣፈጠው ከዚህ በኋላ ነው። ቬኒስ በ1082 ከቀዳማዊ አሌክስዮስ ባገኘችው የወርቅ ማኅተም ደብዳቤ በግዛቱ ያለ ቀረጥ ትነግዳለች፤ ፒዛ በ1111፣ ጄኖዋ በ1155 ቅናሽ አግኝተዋል። ሦስቱም በሁለት ገበያ ይኖራሉ፤ ቁስጥንጥንያ ብትከፋባቸው እስክንድርያ አለች፣ ቁንዶ በርበሬውና ቅመሙ ከቀይ ባሕር ወጥቶ የሚሸጠው በዚያ ነው። አሁን ሁለቱም ገበያዎች ደጅ ላይ የቆመው የአንድ ንጉሥ ዘብ ነው። በእውነተኛው ታሪክ ማኑኤል በማርች 1171 በግዛቱ ያሉትን ቬኒሳውያን በአንድ ቀን አሳስሮ ንብረታቸውን ወረሰ፤ የቬኒስ የበቀል መርከቦችም ኪዮስ ላይ በወረርሽኝ ተመቱ። የእኅቴ ልጅ ይህን ሳያነብ፣ ከመታሰሩ በፊት ከሲሲሊ ጋር ቃል ኪዳን ገባ። እኔም ማኑኤል በታሪኩ ያደረገውን ሞከርሁ፤ ልጄን ማሪያን ለሲሲሊው ለዳግማዊ ዊልያም ልስጥ አልሁ። በታሪኩ ዊልያም በ1172 ታራንቶ ላይ ሙሽራይቱን ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሳትመጣ ቀርታለች። በዚህኛው መንገድ ግን ማኑኤል ግብጽን ለመጠበቅ ሲሲሊን ይፈልጋታልና ሙሽራይቱ ትመጣለች። በመርከብ ጠጠር ላይ አስቀምጬ ታራንቶ አደረስኋት። በ1174 እስክንድርያ ላይ የዘመቱት የሲሲሊ መርከቦች በእኔ ካርታ ከወደባቸው አልወጡም።

ነሐሴ 17

ዛሬ ጨዋታ የለም። ጋሼ ሻይ እየጠጡ የጠየቁኝን ጥያቄ ስጽፍ ዋልሁ፤ «ግብጽን ይያዝ፤ ቤተ ክርስቲያኗን ምን ያደርጋታል?»

የግብጽ ክርስቲያኖች ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ ከቁስጥንጥንያ የተለዩ ናቸው፤ በዚያን ዘመን በመንበሩ ላይ የነበሩት አቡነ ማርቆስ ሣልሳዊ ነበሩ። የግሪክ ወታደር ደምያጥ ሲገባ ለእነርሱ ነፃ አውጪ አይደለም፤ አያቶቻቸውን ያሳደደው የሃይማኖት ባላጋራ ነው። እንዲያም ሆኖ ማኑኤል በዚህ ነገር ቸኩሎ ጎራዴ የሚመዝ ሰው አልነበረም። በ1170 እና በ1172 ቴዎርያኖስ የተባለውን ሊቅ ወደ አርመኖች ካቶሊኮስ፣ ማለትም ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ራስ፣ ወደ ኔርሴስ ልኮ ስለ አንድነት አነጋግሯል። ስለዚህ በካርታዬ ጠርዝ ላይ ቴዎርያኖስን ወደ ካይሮም ላክሁት፤ ንግግሩ ረጅም ይሆናል፣ ውጤቱም እንደ አርመኑ ሁሉ ጥቂት።

የእኛ አገር በዚህ ሥራ ውስጥ የምትገባው እዚህች ላይ ብቻ ነው። በዛግዌ ነገሥታት ዘመን አቡን የሚመጣው ከእስክንድርያ መንበር ነበር፤ ይህም ሥርዓት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዘልቋል። አቡን ይላክልን የሚለው ደብዳቤ ከሊፋውን በሚያገለግሉ ሹማምንት እጅ ሲያልፍ ችግሩ የታወቀ ነው፤ በኬልቄዶናዊ ንጉሥ ዘበኞች ፊት ሲያልፍ ግን መልኩ ይለወጣል። የዛግዌ ንጉሥ ምን ያደርግ ነበር ብዬ ጀምሬ ሁለት ገጽ ከጻፍሁ በኋላ ቀደድሁት፤ ራሱን የቻለ ሌላ ሰሌዳ ነው።

ጳጉሜን 2

1180 ደረሰ። ከዚህ በፊት ማኑኤል በሴፕቴምበር 1176 ሚርዮኬፋሎን ላይ በሴልጁክ ቱርኮች ሱልጣን በክሊጅ አርስላን መሸነፉን አልነካሁትም፤ ሠራዊቱን በተራራ መተላለፊያ ውስጥ ያስገባው የራሱ ውሳኔ ነው፣ ከደምያጥም ጋር ግንኙነት የለውም። በ1177 ግን በታሪኩ 70 ጀልባዎች አካ ድረስ መጥተው የፍላንደሩ ቆንስ ፊሊፕ አልዘምትም ስላለ ባዶአቸውን ተመልሰዋል፤ በእኔ ካርታ እነዚያ መርከቦች ደምያጥ ውስጥ ስላሉ ማንንም አይለምኑም።

ነገር ግን ማኑኤል በሴፕቴምበር 1180 ይሞታል። ወራሹ አሌክስዮስ የተወለደው በሴፕቴምበር 1169፣ ኮንቶስቴፋኖስ በባሕር ላይ ሳለ ነው፤ ስለዚህ ዕድሜው 11 ነው። የጋሼ ሐሳብ ልጁ ቀደም ብሎ ይወለድ የሚል ነበር። እንቢ አልሁ፤ የተፈቀደልኝ አንድ ለውጥ መልእክተኛው መንገድ ላይ አልቋል። የማኑኤል የአጎት ልጅ አንድሮኒኮስ ኮምኔኖስም ሥልጣኑን ሊነጥቅ ይመጣል፣ በ1182 በቁስጥንጥንያ የሚኖሩት ላቲኖች፣ ማለትም ምዕራባውያን፣ ይታረዳሉ፣ ልጁም በ1183 ይገደላል። በዚህ ጊዜ የደምያጥን ዘብ ደመወዝ የሚልክ የለም። በታሪኩ ተሰሎንቄን በ1185 የዘረፉት የሲሲሊ መርከቦች አሁን የማሪያ ባል የዳግማዊ ዊልያም ናቸውና፣ እርሱ ደምያጥን የሚስቴ ርስት ናት ብሎ ይጠይቃል። ቬኒስ ስንቅ ትሸጣለች፣ ለሁለቱም ወገን።

ይህን ስናስኬድ የእኔ ጣሳ ባዶ የሆነበት ሳምንት ከሐምሌ 5ቱ ጨዋታ አንድ ሳምንት ብቻ ይለያል። በስተጀርባ ያለው ሰው ሌላ፣ ረሃቡ ያው።

መስከረም 4

ካርታው ተጠናቆ ቫርኒሽ ተቀባ። ዓመቱ 1185 ነው። ሮም በቀይ፣ ኢየሩሳሌም በቢጫ፣ ሲሲሊ በአረንጓዴ ተቀልመዋል፤ የቬኒስን ቦታዎች በነጥብ ብቻ አመለከትሁ። ለደምያጥ ቀለም ስላጣሁላት ግማሿን ቀይ ግማሿን አረንጓዴ አድርጌ፣ የብስክሌቱን ሰንሰለት እንደገና በሁለቱ ምስማሮች መካከል አሰርሁት። ጋሼ በመጪው ቅዳሜ ሲሲሊን መያዝ ይፈልጋሉ፤ የእኅቴ ልጅ ማሪያን እይዛለሁ፣ ዘቡንም በእናንተ ወርቅ ከፍዬ ለራሴ አደርጋለሁ ብሏል። ሽምብራው በነቀዝ ስለ ተበላ በምስር ለውጬዋለሁ፤ ምስር ትንሽ ስለሆነ ቆጠራው ከባድ ነው፣ ግን ጣሳው ውስጥ ሲቀንስ በደንብ ይታያል።